ጄሼል፦ ለጥያቄ ግሩም፣ በዝምታው ግን አሳሳች

ጃቫን መማር የጀመራችሁ ታውቁታላችሁ። በቀድሞዎቹ የጃቫ ስሪቶች አንዲት መስመር ጽሑፍ ስክሪን ላይ ለማውጣት እንኳ ክላስ መክፈት፣ ውስጡ «ሜይን» የሚባለውን ሜተድ መጻፍ፣ ፋይሉን ሴቭ ማድረግ፣ ኮምፓይል ማድረግ፣ ከዚያም ማስኬድ ነበረ። ብዙ ተማሪ ይህን ሁሉ ሳይገባው ይሸመድደው ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. ከጃቫ 9 ጋር የመጣው ጄሼል ግን ጣጣውን ያስቀረዋል። ተርሚናል ላይ ስሙን ጽፋችሁ ትከፍቱታላችሁ፤ አንድ መስመር ትሰጡታላችሁ፤ መልሱ ወዲያው ይመጣል።

እስቲ 7/2 ብላችሁ ጻፉ። 3 ይላችኋል። 7.0/2 ስትሉት ደግሞ 3.5 ይላል። አሁን 2147483647 + 1 ሞክሩ። መልሱ -2147483648 ነው! ኮምፒውተራችሁ አልተበላሸም። ጃቫ ተራ ሙሉ ቁጥርን የሚይዘው በ32 ቢት ነው፤ ቦታው ሲሞላ ቁጥሩ ዞሮ ከኔጌቲቭ ጫፍ ይነሳል። ይህን ሰሌዳ ላይ ብቻ ያየ ሊረሳው ይችላል፤ በገዛ እጁ የሞከረ ግን አይረሳውም።

መልሱም የለብ ለብ አይደለም። ጄሼል የጻፋችሁትን ቁራጭ ከጀርባ በክላስ ጠቅልሎ ለእውነተኛው የጃቫ ኮምፓይለር ይሰጠዋል። ትልቁ ጥንካሬው ይሄ ነው።

ቅሬታዬ ሌላ ነው፦ ስህተትን ዝም ብሎ ያልፋል። «ኤክስ»ን ቁጥር ነው ብላችሁ 5 ስጡት። ቀጥላችሁ ያንኑ «ኤክስ» ጽሑፍ ነው በሉት። ፋይል ውስጥ፣ በአንድ ሜተድ ላይ እንዲህ ብታደርጉ ኮምፓይለሩ እንቢ ይላል። ጄሼል ግን የድሮውን አስወግዶ አዲሱን ይተካል፤ መተካቱንም አይነግራችሁም። ለሙከራ ይመቻል፤ ጀማሪው ግን ጃቫ የሚፈቅድ ይመስለዋል። ኮዱን ወደ ፋይል ሲያዛውር ነው ግራ የሚገባው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ስትከፍቱት ከስሙ ቀጥሎ ሰረዝና «ቪ» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ጨምሩ። ያኔ ምን እንደፈጠረና ምን እንደተካ አንድ በአንድ ይናገራል። በእኔ እምነት ለተማሪ ከመጀመሪያውም እንዲህ ሆኖ መከፈት ነበረበት። ከመዝጋታችሁ በፊት ደግሞ ኮዳችሁን «ሴቭ» በሚለው ትዕዛዝ አስቀምጡት፤ እሱንም አትርሱ።

እንግዲህ ጄሼልን እንደ ላብራቶሪ ተጠቀሙበት። የፈለጋችሁትን ጠይቁት፣ አፍርሱ፣ ድገሙ። «ገባኝ» ከማለታችሁ በፊት ግን ያንኑ ኮድ ፋይል ላይ ጽፋችሁ ኮምፓይል አድርጉት።