የታመመ ዓሣን ማስታመም

በአቃቂ ቃሊቲ ባለ የፋብሪካ ቢሮ የሥራ አስኪያጁ ዓሣ ሲታመም ሳይታዘዝ የሚያስታምም ሠራተኛ ክብር ይገባዋል፤ የሚሠራው በጥንቃቄና በዕውቀት ነውና። የመስታወት ገንዳ ዓሣ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከውኃው ነው። ዓሣው በመተንፈሻ አካሉ አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈው ምግብም ሲበሰብስ ያንኑ መርዝ ይጨምራል። መርዙን የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ነው። ስለዚህ ጥሩ አስታማሚ ምግብ ይቀንሳል፣ ከውኃው ሩብ ያህሉን ክሎሪኑ በወጣለት ውኃ ይተካል፣ ስፖንጁንም ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ያለቀልቃል። አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል፣ ውኃዋ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከተማ ካለና እኩል ሙቀት ካለው ጨው አልባ ውኃ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ አየር የሚነፋው ትንሽ ሞተር እዚህ ቅንጦት አይደለም።

«ይህ ለአለቃ ማጎብደድ ነው» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን አጎብዳጅ የሚተጋው አለቃው ሲያየው ነው፤ ውኃ ደግሞ የሚበላሸው ቢሮው ተዘግቶ ሁሉም ሲሄድ ጭምር ነው። «ሰው ሳይታከም ለዓሣ?» ለሚለውም መልስ አለ፤ ሩብ ገንዳ ውኃ መቀየር ከማንም ሕክምና አይቀንስም። እንዲያውም የፋብሪካ ፍሳሽ የአቃቂን ወንዝ ለዓመታት በበከለበት ሰፈር፣ የውኃ መቆሸሽ ሕይወት እንደሚያጠፋ በዓይኑ አይቶ የተረዳ ሠራተኛ ያስፈልገናል። አለቆችም ለዚህ ሥራ ጊዜ ይፍቀዱ፤ ምስጋናውንም በይፋ ይስጡ።