ባቄላና ሽምብራ

«ልጄ፣ ይሄ የእርጉዞች መሣሪያ አይደለም እንዴ?» አሉኝ ሽማግሌው፣ የአልትራሳውንዱ ጄል ብሽሽታቸው ላይ ሲያርፍ ከቅዝቃዜው ሸሸት እያሉ። ተረከዛቸው ላይ የወጣውን ጥቁር ቁስል እሾህ የወጋቸው መስሏቸው ዓመት ሙሉ ቅባት ሲቀቡት ከርመዋል። ከቁስሉ የተወሰደው ናሙና ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር መሆኑን ተናገረ። እኛ ጥቁሮች ላይ ይህ ካንሰር የሚበዛው ፀሐይ እምብዛም በማያገኘው በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር ነው። ሲሰራጭ ደግሞ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው ንፍፊት ላይ ነው።

ችግሩ፣ በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ሰው ብሽሽት ሁልጊዜም ንፍፊት አያጣውም። ጭረቱም ቁስሉም ሲያሳብጠው ይኖራል። መጠን አይቼ ብፈርድ ስንቱን ገበሬ ካንሰር አለብህ ልለው ነው! የማየው መልኩን ነው። ጤነኛ ንፍፊት ባቄላ ይመስላል፤ ዳሩ ጠቆር ያለ፣ መሃሉ ስብ ስለሆነ ነጭ። ካንሰር የገባበት ይድቦለቦላል፣ ነጩ ይገፋል ወይም ይጠፋል፣ የደም ፍሰትን በሚያሳየው በዶፕለር ሲታይም ደሙ በጠርዙ ይዞራል። እጅ ከከበደ ግን ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይጨፈለቁና ደም የሌለ ያስመስላል። ጀማሪዎችን «ፕሮቡን እንደ እንቁላል ያዙት» የምላቸው ለዚህ ነው።

ዱሮ ብሽሽት ካየሁ ይበቃኝ ነበር። አንድ ጊዜ «ንጹህ» ብዬ የጻፍኩለት ሰው ከወራት በኋላ ቋንጃው ላይ እብጠት ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ካንሰሩ ከተቆረጠበት ጠባሳ ተነስቼ፣ ቋንጃን ይዤ፣ እስከ ብሽሽት ሳልዘል እወጣለሁ። «ንጹህ» የሚለውንም ቃል ትቻለሁ፤ በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታየውን ብናኝ አልትራሳውንድ አያየውምና «በዛሬው ምርመራ አልታየም» እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ትልቅ ጥናት፣ ካንሰሩ መጀመሪያ የሚደርስበት ንፍፊት ላይ ካንሰር ከተገኘ በኋላ የቀሩትን ሁሉ ቆርጦ ማውጣትና በአልትራሳውንድ መከታተል በሜላኖማ በመሞት ረገድ ልዩነት እንዳላመጡ አሳየ። ያልተቆረጠላቸው ሰዎች እግርና እጅም ያን ያህል አላበጠም። ደስ ይላል። ክትትሉ ግን መጀመሪያ ላይ በየ4 ወሩ ነበር፤ ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ ለሚመጣ ሰው ይህን ስነግረው ድምፄ ይቀንሳል።

ሽማግሌው ስክሪኑን እንዲያዩ አዞርኩላቸው። ትልቁ ንፍፊት 3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ መሃሉ ነጭ፣ ባቄላ። ከጎኑ 8 ሚሊ ሜትር የማትሞላ፣ ጥቁር፣ ድብልብል ያለች ነገር ተሸጉጣለች።

«ይቺ እንኳ ሽምብራ ናት» አሉ።

የናሙና መውሰጃውን መርፌ ወደ እሷ አዘነበልኩት።