ያልተተከለው የሁምቦ ደን

ከቤሌ ተነስቶ በሶዶ አድርጎ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መንገደኛ ሁምቦ ሲደርስ ለምለሙን ተራራ አይቶ ያልፋል እንጂ የእጅ ሥራ ነው ብሎ አያስብም። እኔ ግን ወላይታ ውስጥ በእጅ ከተሠሩ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ እለዋለሁ፤ የምመዝነውም እንደዚያው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ወርልድ ቪዥን ከገበሬዎቹ ጋር ሥራውን ሲጀምር ተራራው በከሰል፣ በማገዶና በግጦሽ ተራቁቶ ነበር። 2,728 ሄክታሩ ሲከለል አብዛኛው ቦታ ችግኝ አላስፈለገውም። ሥራቸው ያልሞተ ጉቶዎች ነበሩ፤ ከብት ሲርቃቸው አቆጠቆጡ። ገበሬው ከቀንበጦቹ ጠንከር ያሉትን እያስቀረ ሌላውን መለመለ። ዘዴውን ቀደም ሲል በኒጀር ያስፋፋው አውስትራሊያዊው ቶኒ ሪናውዶ ነው።

ጥበቡን ከቅርብ እንዳየው ያደረገኝ ውሻዬ ቦቢ ነው። እኔ አንጋጥጬ ቅርንጫፍ ሳይ እሱ መሬት መሬቱን እያሸተተ ገመዱን ጎትቶ አንድ ጉቶ ሥር አቆመኝ። መጥረቢያ ያረፈበት ጠርዝ ጠቁሯል። ከጎኑ ክንድ የሚያህሉ ሁለት ግንዶች ወጥተዋል፤ ዝቅ ብሎ የተመለመሉት ቀንበጦች ጠባሳ ሽሮ ቅርፊት ለብሷል። የቆረጠውም የመለመለውም የዚያው አገር ሰው ነው። ይህን ከመኪና መስኮት ማየት አይቻልም።

ቅሬታዬ ሥራው በሚተረክበት መንገድ ላይ ነው። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ፤ በ30 ዓመት 880 ሺህ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚይዝ ተሰላ፤ ከዚህ ውስጥ 165 ሺህ ቶኑን ለመግዛት የዓለም ባንክ ተዋዋለ። ገንዘቡ የደረሳቸው ሰባት የገበሬ ማኅበራት ናቸው፤ ወፍጮም ተሠርቶበታል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ስለ ሁምቦ ሲወራ ቶኑ ይቀድማል። ተራራው በተዘጋ ሰሞን ከሰል ሸጣ ልጆቿን ታበላ የነበረች እናት በምን ከረመች? ፍየሎቹስ የት ተሰማሩ? ደኑ የቆመው በእንዲህ ያሉ ሰዎች ትዕግሥት ላይ ሆኖ ሳለ በትረካው ውስጥ ለእነሱ የሚተርፈው አንድ ሁለት መስመር ነው።

በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን 353 ሚሊዮን ችግኝ መተከሉ ሲነገር አገር ሁሉ ቁጥሩን ሸመደደ። የሁምቦ ሥራ ግን ለአንድ ቀን ቆጠራ አይመችም፤ መከለል፣ መመልመል፣ መጠበቅ፣ በዓመቱ እንደገና መመልመል ነው። ወደፊት ለጎብኚ አስጎብኚ ይመደብ ከተባለ ያቺ ከሰል ሻጭ የነበረች እናት ትሁን፤ የትኛውን ዛፍ እንደቆረጠች፣ የትኛውን እንዳዳነች እሷው ታሳየን።