የፖከር ክበብና የማኅበር ስም

በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ መንደር ለአባላት ብቻ የሚሆን የፖከር ክበብ ማቋቋም ይቻላልን? «በሩ ለሕዝብ ዝግ ከሆነ ጉዳዩ የግል ነው» የሚሉ አሉ። እኛ ይህን አስተያየት አንቀበለውም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 404 ማኅበርን ሲተረጕም፣ ትርፍ ከማግኘትና ከመከፋፈል ሌላ ለሆነ ዓላማ የሚቋቋም ኅብረት ነው ይላል። እንግዲህ ከየጨዋታው የቤት ድርሻ የሚያነሣ ክበብ፣ አባላቱን በመዝገብ ቢጽፍም፣ በማኅበር ስም የሚነግድ ቤት ነው። ሎተሪን የማካሄድና ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 535/1999 ለብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ተሰጥቶ ነበር፤ የአባልነት ደብተር የመንግሥትን ፈቃድ አይተካም።

ተከራካሪዎቹ እቁብን በምሳሌነት ያነሣሉ፤ እርሱም ለአባላት ብቻ ነው፣ ገንዘቡም በዕጣ ይወጣል። ነገር ግን በእቁብ ዕጣው የሚወስነው ተራን ብቻ ነው፤ ሁሉም የከፈለውን ያገኛል። በፖከር ግን የአንዱ ትርፍ የሌላው ኪሳራ ነው።

ጎረቤትም አይዘነጋ። የጋራ ሕንፃ ባለቤቶች በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ማኅበርና መተዳደሪያ ደንብ አላቸው፤ ግድግዳውም ደረጃውም የጋራ ነው።

ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው ማን ይገባል ሳይሆን ከጠረጴዛው ማን ይበላል የሚለው ነው።