በካሬ የተሣለ ወፍራም ፊደል

በትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚለጠፉት ማስታወቂያዎችና የትርኢት ርእሶች ዛሬ በአብዛኛው የሚዘጋጁት በብሩሽና በቀለም ሳይሆን በኮምፒዩተር ነው። ስለዚህም ፊደል የመምረጡ ሥልጣን ከቁም ጸሐፊው እጅ ወጥቶ ወደ ተማሪው ገብቷል። ተማሪውም ደጋግሞ ከሚመርጣቸው አንዱ ከትናንሽ ካሬዎች የተገነባው፣ ወፍራሙና ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣው የፊደል ዓይነት ነው። ይህ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የነበሩትን የቪዲዮ ጨዋታዎችና የግል ኮምፒዩተሮች ያስታውሳል። እኛም ጌጥ ብቻ ነውን ወይስ ሥራ አለው? ብለን ልንተቸው ስንነሣ፣ ከምንጩ መጀመር ተገቢ መስሎ ታየን።

ከዚህ ወገን በጣም የታወቀው ቺካጎ የተባለው ፊደል ነው። የሣለችውም ሱዛን ኬር ናት፤ አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ላወጣው ማኪንቶሽ ኮምፒዩተር። ፊደሎቹ በመጀመሪያ በፊላዴልፊያ ዙሪያ ባሉ ትናንሽ ከተሞች ስም ተሰይመው ሳለ፣ ስቲቭ ጆብስ ስማቸው የታላላቅ ከተሞች ይሁን ስላለ ቺካጎ፣ ጄኔቫ፣ ኒውዮርክ እየተባሉ ተጠሩ። የማኪንቶሹ ስክሪን በወርድ 512፣ በቁመት 342 ነጥቦች ብቻ ነበሩት፤ እያንዳንዱም ነጥብ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ነው እንጂ መካከለኛ ቀለም አልነበረም። እንግዲህ ሠዓሊዋ ክብ መስመር ልትሥል ብትፈልግ የነበራት መሣሪያ ካሬ ብቻ ነው። መሰላል የሚመስል ጠርዝ እንዳይበዛ ስትል መስመሮቹን ቀጥ ያሉ፣ አግድም የሆኑ ወይም በ45 ዲግሪ ያዘነበሉ ብቻ አደረገቻቸው።

የቺካጎ ቋሚ መስመር ሁለት ነጥብ ይወፍራል፤ አግድሙ ግን አንድ ነጥብ ነው። ይህ ውፍረት ለማማር ብቻ የተደረገ እንዳይመስለን። ፊደሉ የተመደበው ለስክሪኑ አናት ትእዛዞች፣ ማለትም ለሜኑ ነበር። አንድ ትእዛዝ ለጊዜው የማይሠራ ሲሆን ማሽኑ የቃሉን ነጥቦች አንዱን እየተወ አንዱን እያጠፋ ያደበዝዘዋል። የፊደሉ እግር አንድ ነጥብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከዚህ ማደብዘዝ በኋላ የተበጣጠሰ ክር ይሆን ነበር፤ ሁለት በመሆኑ ግን ግማሹ ጠፍቶም ቃሉ ይነበባል። እኛ በዚህ ፊደል ከሁሉ የምናደንቀው ይህንን ነው። ከዚህም ሌላ፣ በዚያ ዘመን በብዙ ኮምፒዩተሮች ቀጭኗ «አይ» እና ሰፊዋ «ኤም» እኩል ስፍራ እንዲይዙ ይገደዱ ነበር፤ ቺካጎ ግን ለእያንዳንዷ የሚገባትን ያህል ወርድ ሰጣት።

ጉድለትም አለው። ለርእስና ለአጭር ቃል እንጂ ለረጅም ንባብ አይሆንም፤ አንድ ገጽ ሙሉ ቢጻፍበት ዓይን ያደክማል። እ.ኤ.አ. በ1991 ቢግሎውና ሆምዝ ጠርዙን አለስልሰው በማንኛውም መጠን እንዲያድግ ሲሠሩት፣ በእኛ አስተያየት ቅርጹ ተርፎ ምክንያቱ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1997 ቦታውን ቻርኮል ለተባለው ፊደል ለቀቀ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2001 አይፖድ የተባለው የሙዚቃ ማጫወቻ ሲወጣ፣ ስክሪኑ ትንሽና ባለ ጥቂት ነጥብ ስለ ነበር ቺካጎ ተመልሶ ሥራ አገኘ። ችግሩ ሲመለስ መፍትሔውም ተመለሰ ማለት ነው።

የጨዋታ ማሽኖቹ ፊደል ደግሞ ከዚህ የጠበበ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል በ8 በ8 ነጥብ ካሬ ውስጥ ይታጠራል። ዛሬ በነፃ የሚገኘው ፕሬስ ስታርት ቱ ፒ የናምኮን የጨዋታ ፊደሎች ተከትሎ የተሠራ ነው። 26 የላቲን ትልልቅ ፊደሎችና 10 አኃዞች በዚያች ካሬ ውስጥ ያለ ጭንቅ ይገባሉ።

የእኛ ፊደል ግን 33 ሆኖ በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ካዕቡን ከግዕዙ የሚለየውም አንዲት ትንሽ ጭረት ናት። ችግሩን ያየነው በመጽሐፍ አይደለም። በምናስተምርበት ተቋም አንድ ሠልጣኝ ስለ ጡብ አሠራር የግድግዳ ጽሑፍ አዘጋጅቶ፣ ርእሱን በእነዚህ ወፋፍራም ካሬዎች ራሱ ሥሎ ለጠፈ። ያለፈው ያገደመው ሁሉ «የጠብ ሥራ» እያለ አነበበለት። ለሁለት ቀን ያህል ሲሣቅበት ሰነበተ፤ እርሱ ግን «ጡ» ብዬ ነው የጻፍሁት እያለ ይሟገት ነበር።

እውነቱን ነው፤ ጽፎታል። ነገር ግን ሒሳቡን እንመልከት። «ጠ» ሦስት እግር አለው። እያንዳንዱ እግር ሁለት ነጥብ ሲወፍር ስድስት ነጥብ ይሆናል፤ በመካከላቸው አንድ አንድ ነጥብ ክፍተት ስንተው ስምንት ሞላ። የካዕቡ ጭረት የሚያርፍበት አንዲት ነጥብ እንኳ አልተረፈም፤ ከሚቀጥለው ፊደል የሚለየው ክፍተትም የለም። ሠልጣኙ ጭረቷን ከእግሩ ውስጥ አስገብቷት ኖሮ በውፍረቱ ተዋጠች። እግሮቹን ወደ አንድ ነጥብ ቢያቀጥናቸው አምስት ነጥብ ይበቃ ነበር፤ ለጭረቷም ስፍራ ይገኛል። ነገር ግን ያን ጊዜ ፊደሉ ወፍራም መሆኑ ቀረ። ከላቲኑ የተወረሰውን ልክ እንዳለ ይዞ ሁለቱንም ማግኘት አይቻልም። «ጨ» ላይ ስንደርስማ፣ ከ«ጠ» በላይ ሌላ ምልክት ስላለበት፣ ነገሩ የባሰ ነው።

ሠልጣኙን ካሬውን 16 በ16 አድርገህ ሞክረው አልነው። በሒሳብ ደብተር ላይ በእርሳስ እየሞላ ሠራው፤ እግሮቹ ሁለት ሁለት፣ ክፍተቶቹም ሁለት ሁለት ነጥብ ሆነው አሥር ያዙ፤ ስድስት ተረፈ። ጭረቷን ሦስት ነጥብ ሰጣት። ከክፍሉ በር ላይ ቆመን ስናየው «ጡ» ነበር። የጨዋታ ማሽን ፊደል ግን አይመስልም አለና ትንሽ ቅር እያለው ለጠፈው።