መሶቡን ማን ያውርደው?

ባለፈው ሰሞን አክስቴ ቤት ምሳ ተጋብዤ ነበር። የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰፌዶች እንደ ሥዕል ተደርድረዋል። ጥግ ላይ አንድ የሚያምር መሶብ ቆሟል፤ ሹል ክዳኑ ላይ የልጅ ኮፍያ ተሰቅሏል። እንጀራው የቀረበው ግን በፕላስቲክ ዕቃ ነው። ክዳኑ ሲነሳ ያላበው እንፋሎት እንጀራው ላይ ጠብ ጠብ አለ።

«መሶቡስ፣ እትዬ?»

«እሱማ ለጌጥ ነው። ታዲያ በምን ልጠበው?»

ስለ ባህል መጥፋት ልሰብክ አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት። እውነታቸውን ነዋ! ስፌት እንደ ሳህን አይታጠብም፤ ርሶ በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል። በሐረር ስፌትን ግድግዳ ላይ መስቀል የቆየ ወግ ነው፤ ቤቱ የሚያምረው በሱ ነው። እኛ ግን የሰቀልነው ስላከበርነው ሳይሆን ስላስቸገረን ነው።

አሁን አሁን «ባህልን ከቴክኖሎጂ ማዋሃድ» የሚባል ፈሊጥ የቤት ዕቃ ዲዛይን ውስጥ ገብቷል። መልካም ነው። ግን ብዙውን ጊዜ የማየው ሰፌድ ተበስቶ አምፖል ሲገባበት ወይም የመሶብ ጥለት ፕላስቲክ ላይ ሲታተም ነው። የመብራቱን እንኳ አልነቅፍም። የድሮው አምፖል በጣም ስለሚግል ለሣር ያሰጋ ነበር፤ ኤል ኢ ዲ መጥቶ ሙቀቱ በመቀነሱ ነው ስፌት ወደ አምፖል መቅረብ የቻለው። ይህ እውነተኛ መገናኘት ነው። ጥለት ማተም ግን ቅጂ እንጂ ውህደት አይደለም። ሰፊዋ የለችበትማ!

ስፔናዊው ዲዛይነር አልቫሮ ካታላን ዴ ኦኮን «ፔት ላምፕ» የተባለውን ሥራ በኮሎምቢያ ጀምሮ ወደ እኛም አገር አምጥቶታል። የተጣለ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገት የኤሌክትሪኩን ገመድ ይይዛል፤ ሆዱ ተሰንጥቆ የስፌቱ መነሻ ይሆናል። እዚህ ላይ የሰፊዋ እጅ ከሌለ መብራቱ የለም። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ትምህርት ግን ያለው ወጥ ቤታችን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድን ተመልከቱ። ሸክላው ያው የእናቶቻችን ሸክላ ነው። የተለወጠው ከሥሩ ነው፤ ቦይ ወጥቶለት የሚግል ሽቦ ተዘረጋበት። የሠራው ሰው «እንዴት ላሳምረው?» አላለም። «እናቶችን ምን አስቸገራቸው?» ብሎ ጠየቀ። ጭስና ማገዶ ነበር፤ እሱን አነሳላቸው። ሸክላውን ግን አልነካውም።

የመሶብስ ችግር ምንድነው? አንደኛው መታጠብ ነው። በምጣዱ ልክ የተሠራ፣ ወጥቶ የሚታጠብ ቀላል ትሪ ከውስጥ ቢገባበት ምን ይጎድላል? እንጀራው ከሥር አያረጥበውም፤ ከላይ ስፌቱ እንደ ፕላስቲክ አፍኖ አያልበውም። ሁለተኛው ጊዜ ነው። ስንደዶውን ማሰናዳት፣ አክርማውን ቀለም መንከር፣ በወስፌ እየወጉ ዙር በዙር መጠምጠም የሳምንታት ሥራ ነው። መሃል ላይ ገዢው ሐሳቡን ቢቀይር ድካሙ የሷ ነው። ጥለቱና ቀለሙ አስቀድሞ በኮምፒዩተር ተነድፎ፣ ገዢው አይቶና ቀብድ ከፍሎ ቢጀመር ግን ኪሳራው ይቀንሳል።

ሦስተኛው ትልቁ ነው፤ ዋጋ። የአንዲት ሰፊ ልጅ ወስፌ የማትይዘው ባህሏን ንቃ አይደለም፤ ሒሳቡን አውቃ ነው። እናቷ ዓይኗን ያፈሰሰችበት ስፌት ከተማ ገብቶ «የዲዛይነር ዕቃ» ሲባል ዋጋው ይሰቀላል፤ የእናቷ ድርሻ ግን ያው ነው። ልጅቷ ወስፌውን ካልተቀበለች ደግሞ ዲዛይነሩ ከምን ጋር ነው ቴክኖሎጂውን የሚያዋህደው?

አበው «ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ለአጣሪው» ይላሉ። ስለዚህ ዲዛይነሮቻችን ሥዕሉን ጨርሰው «ይህን ስፊልኝ» ከማለታቸው በፊት ከሰፊዋ ጎን ቁጭ ይበሉ። የትኛው ቅርጽ ስፌቱን እንደሚያላላው የምታውቀው እሷ ናት። ዋጋውም ሲቆረጥ እሷ ትኑርበት።

አክስቴ ይህን ሁሉ ስተነትን ታግሠው ሰሙኝና ኮፍያውን ከመሶቡ ላይ አነሱት። «የሚታጠብ ነገር ይሥሩለት ብቻ» አሉኝ፤ «ፕላስቲኩን ያን ዕለት ነው የማወጣው።»