ቅጣትና ይግባኝ በቅሬና በጋራ ሕንፃ ማኅበር

የማኅበር ደንብ ሲጻፍ የመቀጫው ልክ በዝርዝር ይነገራል፤ የተቀጣው ሰው አቤት የሚልበት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ይህ ጉድለት ቀላል አለመሆኑን የገጠሩን ቅሬ ከከተማው የጋራ ሕንፃ ማኅበር ጋር በማስተያየት መረዳት ይቻላል።

ቅሬ በወሎ፣ በላስታም ጭምር፣ የቀብር ማኅበር ነው። ከቀብር የቀረ አባል ይቀጣል፤ አልከፍልም ብሎ የጸና እንደ ሆነ ከቅሬው ይወጣል። የወጣ ሰው ሬሳ የሚሸከምለት አያገኝም። ይህ ማግለል ጥፋት የሌለበትን ቤተ ሰብ ስለሚነካ አይመሰገንም። ነገር ግን ተቀጪው በአባላቱ ፊት ቆሞ ምክንያቱን ይናገራል፤ ታሞ እንደ ነበረ ጎረቤት ይመሰክርለታል፤ ሽማግሌም ይገባል።

በጋራ ሕንፃ ግን በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት አባልነት ከቤት ባለቤትነት ጋር የተያያዘ ነው፤ እንደ ቅሬ ማስወጣት የለም። ስለዚህ የደንቡ ኃይል ሁሉ በመቀጫው ላይ ይወድቃል። ከሳሹም ዳኛውም አንድ ኮሚቴ ከሆነ ደግሞ መቀጫውን በፈቃዱ የሚከፍል ማን ነው?

እንግዲህ ከቅሬ ሊወሰድ የሚገባው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን የአቤቱታው ሥርዓት ነው። የቀጣው ኮሚቴ ይግባኙን አይስማ፤ ጠቅላላ ጉባኤው ይስማው።